ላሟና አዲሱ አሮጌ አምፕሊፋየር

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አዲስን ዕቃ አሮጌ አስመስሎ መሥራት ምን ይባላል?

እኛ ሐይቅ ከተማ የምናውቀው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። የጃጀ ባጃጅ ቀለም ይቀባና፣ ወንበሩ አበባ ያለው ጨርቅ ይለብስና «ገና ከካርቶን የወጣ» ተብሎ ይሸጣል። ከትናንት ወዲያ የተያዘ ዓሣ ውሃ ይርከፈከፍበትና «አሁን ነው የወጣው፣ ዓይኑን አታየውም?» ይባላል። ጺሙን ሂና ቀብቶ ልጃገረድ የሚያጭ ሽማግሌም አለን፤ ጎረቤቴ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። ይህ ሁሉ ውሸት ነው። ግን የሚገባኝ ውሸት ነው። ፋብሪካ ከፍቶ፣ መሐንዲስ ቀጥሮ፣ ዘንድሮ የተሠራን ዕቃ በአባቴ ዘመን የተሠራ ማስመሰል ግን ምን ዓይነት ውሸት እንደሆነ አልገባኝም። እስካሁንም አልገባኝም። ይህን የምጽፈው እንዲገባኝ ብዬ አይደለም። እናንተም ግራ እንድትጋቡ ነው። ብቻዬን መጋባት ሰልችቶኛል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ጉልበቴ ከተማሪ ወንበር ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ተቀምጬ ነው። አስተማሪው በልጄ ዕድሜ የሚሆን ነበር፤ «ሀ በሉ» ሲለን ሀ እንል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ያነበብኩት ብዙም አላስደነገጠኝም። ሳላነብ ይህን ያህል ዓመት በከንቱ ነው የፈራሁት።

ጊታር ግን ከፊደል በፊት ነው የማውቀው። በወጣትነቴ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ኪነቱ ሲፈርስ አንዱ ከበሮ፣ አንዱ መጋረጃ፣ አንዱ ወንበር ይዞ ሄደ። ለእኔ ጊታሩና አምፕሊፋየሩ ደረሱኝ። አምፕሊፋየር ያልኩት የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ሳጥን ነው። የእኔው ውስጡ አምፖሎች ነበሩት፤ ሲበራ እንደ ፍም ይቀላሉ። የተሸከመው ሰው ወገቡን፣ የነካው ሰው ጣቱን ሳይጎዳ አይመለስም። በእሱ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ሽቅብ እስከ አምባሰል አምባዎች ድረስ ሰርግ አጫውቻለሁ። አምባሰል የሚባለውን ቅኝት አምባሰል ላይ፣ በአምባሰል ሰው ፊት ተጫውቼ የተገመገምኩ ሰው ነኝ። ከዚህ የሚከፋ ፈተና የለም። አንዲት ድምፅ ብትስት ሙሽራዋ ራሷ ከመጋረጃዋ ሥር ቀና ብላ ታይሃለች።

ከበሮ የሚመታልኝ ታደሰ ነው። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኔ እስላም። ይህ ነገር ትዝ የሚለን ሰርግ ላይ ሥጋ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ እንቀመጣለን። በልተን ስንጨርስ ተመልሰን እንጣላለን።

ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ ሰርግ በረከተ። ተስፋ ያለው ሰው ያገባል። እኔም የጊታሬን ክሮች ለወጥኩ፤ ከለውጡ የደረሰኝ ይኸው ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ መጣ፣ ቀጥሎ በመንገዱ።

ሰው ሁሉ የያዘውን ይዞ ወደ ደሴ ሲሸሽ እኔ ጉድጓድ ቆፈርኩ። አምፕሊፋየሩን ይዤ መሸሽ አልችልም፤ ቤት ብተወው ይዘረፋል። ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልዬ ከሐይቁ ዳር ካለችው የሽምብራ ማሳዬ ውስጥ ቀበርኩት። አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይቆፈራል። ዘራፊ ቤት ይፈትሻል እንጂ ሽምብራ አይፈትሽም ብዬ በራሴ ተገርሜ ነበር። ጦሩ ሲያልፍ ተመልሼ ስቆፍር አምፕሊፋየሩ የለም ብዬ ልንገራችሁ? አለ። ግን ጉድጓዱ ኩሬ ሆኗል። ሐይቁ ከሥር ለሥር መጥቶ ገብቶበታል። ሳነሳው ከውስጡ ጭቃ፣ ከጭቃው ውስጥ ትል ወጣ። ዘራፊ ቢወስደው እረግመው ነበር። ሐይቅን ግን እንዴት አድርጌ ልርገም? ዓሣውን እየበላሁ?

ሚስቴ ፋጤ በዚያው በሽሽቱ ቀን ላሟን ሻሺትን ነድታ አምባሰል ወንድሟ ዘንድ ወጥታ ነበር። ታደሰም ጊታሬን ይዞልኝ ወጥቶ ጭድ ውስጥ ደበቀው። እኔ አምፕሊፋየር ስቀብር እሷ ላም ነዳች። ከሁለታችን ማን ብልህ እንደሆነ ጦርነቱ ወሰነ። ስንመለስ ቤታችን ውስጥ የቀረ ነገር ቢኖር የበሩ ማጠፊያ ነው። ያቆየችን ሻሺት ነች፤ ወተቷን ጠጣን፣ ቅቤዋን ሸጥን። እኔ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። ሰርጉን ስልክና ድምፅ ማጉያ ይዘው የሚዞሩ ዲጄ የሚባሉ ወሰዱት። በበሩ ላይ ዱላዬን ይዤ ስቀመጥ የግራ እጄ ጣቶች ሳላዝዛቸው ጉልበቴ ላይ ይሮጣሉ። ፋጤ ምሳ ስታመጣልኝ አይታ፣ «ጉልበትህን ልትቦረቡረው ነው» አለችኝ። 

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ዘይነባ ከአረብ አገር የተመለሰችው።

ዘይነባ የሰፈራችን ልጅ ነች። ሰው ሁሉ ከዚያ ሲመለስ ብርድ ልብስና ስልክ ይዞ ነው፤ እሷ ወንድ አቃስቶ የሚያነሳው አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ሐይቅ ከተማ ሥራ ፈታ። አንዱ ልብስ ማጠቢያ ነው አለ፣ አንዱ ምድጃ ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ በምድጃ ተደብቆ የመጣ ወርቅ ነው አለ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የሠራችበት ቤት ልጅ ጊታር የሚጫወት ነበር። ለትምህርት ወደ ሌላ አገር ሲሄድ «አንቺ አሳድገሽኛል» ብሎ አምፕሊፋየሩን ሰጣት፤ ውድ ስለሆነ አገርሽ ሸጠሽ ትቋቋሚያለሽ አላት። ካውያ ቢሰጣት ይሻላት ነበር። ካውያ ማንም ይገዛል። በዚህ ከተማ ጊታር ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የመጋዘን ዘበኛ ነው።

ቤቴ መጣችና በትሕትና ተቀመጠች። «ጋሼ» አለችኝ፣ «እኔ ዜማ አላውቅም። የምፈልገው ላም ነው። ሻሺትን ይስጡኝና ዕቃውን ይውሰዱት። ከአሁን በኋላ የሰው ቤት ወለል አልወለውልም።»

ፋጤ እዚያው ነበረች።  ዕቃውን እንድናየው ብቻ አስመጣች።

ካርቶኑ ሲከፈት ደነገጥኩ። ያው የሰመጠው አምፕሊፋየሬ ነው። ፊቱን የሸፈነው ያው የወየበ ጨርቅ፣ ያው እንደ ዶሮ አፍ የሾሉ መዞሪያዎች፣ ያው የቆዳ እጀታ። ትሉ ብቻ ነው የቀረው። አንዳፍታ ሐይቁ ውጦት ከሥር ለሥር አረብ አገር ወስዶ የተፋው መሰለኝ። ታደሰን አስጠራሁት። ዞረው፣ አንኳኳው፣ በመጨረሻም አጎንብሶ አሸተተው።

«ሽታው የአዲስ ጫማ ነው» አለ። «መልኩ ግን የአንተ ታላቅ ነው።»

ዘይነባ ልጁ የነገራትን ነገረችን። ዕቃው አዲስ ነው፤ ግን ድሮ የነበረውን አይተው እንደ ድሮው አድርገው እንደገና ነው የሠሩት። አምፖሉም፣ ጨርቁም፣ ድምፁም የድሮው ነው። ሰዎች የድሮውን ድምፅ ይወዳሉ።

«ታዲያ የድሮውን ራሱን ለምን አይገዙም?» አልኩ።

«የድሮው ራሱማ ከዚህም ይወደዳል አለኝ፣ ጋሼ።»

እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የተበላሸው። ሲያረጅ ዋጋው የሚጨምር ዕቃ አለ ማለት ነው። አዲሱን አሮጌ አስመስለው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ታዲያ እኔ ሳረጅ ለምን ረከስኩ? ያረጀሁት በእውነት ነው፤ ማንም አላስመሰለኝም።

ለማንኛውም ሶኬት ሰካን። መብራት በዚያን ቀን ነበረ፤ ይህንንም ለምርቃት ቁጠሩት። ጊታሬን አገናኘሁ፣ መዞሪያውን አዞርኩ፣ ክር ነካሁ። ጸጥ። አጠፋሁና እንደገና አበራሁ። ጸጥ። ታደሰ ጎኑን በመዳፉ መታው፤ ከበሮ መቺ ሁሉን ነገር በመምታት ነው የሚመረምረው። ዘይነባ ገረጣች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሞቶ ከሆነ መወሰን አያስፈልገኝም። መሞት ብዙ ነገር ያቀላል።

ፋጤ ከበሩ ሆና፣ «ምን ያዋክባችኋል?» አለች። «ሻሺትስ እጃችሁን ገና ስታነሱ ትሰጣለች እንዴ? ታጥባ፣ ታሽታ፣ ተባብላ ነው። ተውት ይሙቅ።»

እውነቷን ነው። የእኔውም እንዲህ ነበር፤ ረስቼው። በጀርባው በኩል አምፖሎቹ ቀስ እያሉ ቀሉ። ረስተነው ወሬ ጀመርን፤ እኔም ጊታሩ ጭኔ ላይ እንዳለ እጄን ላወናጭፍ ስል ክሩን ነካሁት። ቤቱ ተናወጠ። ዶሮዎች በመስኮት ወጡ። ጎረቤት ያለችው ሴትዮ ጦርነቱ የተመለሰ መስሏት ልጇን አቅፋ ወጣች፤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ቀነስኩትና አምባሰልን ነካሁ። አንድ ሐረግ ብቻ። ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ? ቆሎ ሲቆላ ሊያር አንድ ሐሙስ ሲቀረው የሚሸተውን ሽታ ታውቃላችሁ? እሱ ድምፅ ቢሆን ይህን ይሆናል። ታደሰ ጭቅጭቁን ትቶ ጉልበቱን መምታት ጀመረ። ጣቶቼ ጉልበቴን የቦረቦሩት ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ወዲያው ደግሞ ከግቢ ሻሺት እምቧ አለች፤ የገባኝ ሁሉ ጠፋብኝ።

ማምሻውን ከፋጤ ጋር ለመጣላት ተዘጋጀሁ። የምትለውን ሁሉ ቀድሜ አስቤ መልስ አሰናድቻለሁ። «ያተረፈችን ላም እኮ ናት» ትለኛለች፤ እኔ «ሰው በወተት ብቻ አይኖርም» እላታለሁ። እሷ እንቢ ትላለች። እኔም አምፕሊፋየሩን እተውና እስክሞት ድረስ እሷን እወቅሳለሁ። ሸጋ አሳብ ነበር። «እህስ፣ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«አንተ ታውቃለህ» አለች።

ያገባችሁ ወንዶች ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። እንቢ ብትል እንቢ ነው፣ እሺ ብትል እሺ ነው። አንተ ታውቃለህ ግን ከሁለቱም የከፋ ነው። ዳኛው ፋይሉን ዘግቶ ቁልፉን ለተከሳሹ ሲሰጠው ማለት ነው። እኔ ደግሞ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ፤ ራሴው እነግራችኋለሁ። መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ በአንድ ጎን ላሟን፣ በአንድ ጎን አምፕሊፋየሩን አቆማለሁ። ላሟ ሳር ትበላለች፤ አምፕሊፋየሩ መብራት ይበላል። ሳር ዝናብ ካለ ይበቅላል፣ መብራት ግን ለምን እንደሚሄድና ለምን እንደሚመጣ አላህ ነው የሚያውቀው። ላሟ ትወልዳለች። አምፕሊፋየር ወልዶ አያውቅም። በሌላ በኩል ላም ይዞ ሰርግ ላይ የተጠራ ሰው የለም፤ ቢጠራም ላሟ አትመለስም። አምፖሉ ቢቃጠልስ ሐይቅ ላይ ከየት አገኛለሁ ብዬ ታደሰን ጠየቅሁት። «ላሟ ብትሞት ሌላዋን ከምታገኝበት» አለኝ። ይህ መልስ የምክር ይሁን የስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

ራዲዮና ስልክ የሚጠግነውን ሰውዬም አማከርኩት። አምፖል ያለውን ትተህ ቀላሉን ግዛ፣ በአንድ እጅ ይነሳል፣ አይግልም፣ ወዲያው ይጮሃል አለኝና አሰማኝ። ንጹሕ ነው። እንደ ሐኪም ቤት ኮሪደር ንጹሕ ነው። ሐኪም ቤት ደግሞ ሰርግ አይደገስም።

አንድ ቀን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግራቸው የሚሄዱ አንድ መነኩሴ መጋዘኑ ጥላ ሥር አረፍ አሉ። ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቅ ስለነበር እሳቸውንም ጠየቅኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ በዚህ አገር የሚጮህ ነገር አንሶህ ነው?» ብለውኝ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ይህም እውነት ነው። የሰማሁት ሁሉ እውነት ነበር። ሰው ውሸት ሲነግሩት ይመርጣል፤ ሁሉም እውነት ሲነግረው ግን ምን ያድርግ?

በመጨረሻ ታደሰ ራሱ ሰለቸውና፣ «ወዳጃ ይደረግልህ» አለኝ። ክርስቲያን ሆኖ ለእስላሙ ወዳጃ የሚያዝ እኛ አገር ብቻ ነው። ወዳጃ ለማታውቁት፦ ሰው አሳብ ሲገባው፣ ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ጎረቤት ይሰበሰብና ጫት ይዞ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል። የሚመራው አባጋር የሚባል ሽማግሌ ነው። የእኛው ሸህ ይመር ናቸው። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የጠፋ የሚያስመልሱ፣ ምርቃታቸው መሬት የማይወድቅ ሰው ናቸው።

ሄጄ አስፈቀድኳቸው። ዘፈን ስለሆነ ይቆጡ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። «የዘፈኑን አላህ ይወቅበት» አሉ፣ «ዕቃው ግን ዕቃ ነው። ሁለቱንም ይዛችሁ ኑ። ዱዓ የሚያየው ነገር ይፈልጋል።»

በቀኑ ጠዋት ባጃጅ ጠራሁ፤ ከዚያ መንገዱን አየሁና አምፖሉ ይሰበራል ብዬ ባጃጁን መለስኩት። ዘይነባ አንስታ አትችለውም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን እኔው ትከሻዬ ላይ ጫንኩት። ፋጤ ላሟን እየጎተተች፣ የወዳጃውን ጫትና ቆሎ በመሶብ ይዛ ልትከተል ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ መሶቡ ከበደኝ አለችና የሻሺትን ገመድ ለዘይነባ ሰጠቻት። እንዲህ ሆነን በከተማው መሐል አለፍን። እኔ ከፊት አምፕሊፋየር ተሸክሜ፣ ዘይነባ ላም እየሳበች፣ ፋጤ መሶብ ይዛ፣ ታደሰ ባዶ እጁን ከኋላ እየተቸ። ያየን ሁሉ «ምን ሆናችሁ ነው?» ይላል። «ልንጠይቅ ነው» እላለሁ። «ማንን?» ይሉኛል። «ትከሻዬ ላይ ዕቃ አለ» ብዬ አልፋለሁ።

ሸህ ይመር ግቢ ሰው ተሰብስቧል። እኔን ከነአምፕሊፋየሬ በአንድ በኩል፣ ዘይነባን ከነሻሺት በሌላ በኩል አቆሙን። ጫቱ ታደለ፣ ዱበርቲዎቹ፣ ዱዓ የሚያደርጉት እናቶች፣ ተቀመጡ፣ እጅ ሁሉ ተዘረጋ። እኔም እጄን ዘርግቼ የምጠይቀውን በልቤ እያሰናዳሁ ነው። ሸህ ይመር ግን ቀድመውኝ ምርቃቱን ጀመሩ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ያመጣኸው ይሰማልህ፤ አይቃጠልብህ፣ አይጥፋብህ፣ ሰርግ ይጥራህ» አሉ። ሰው ሁሉ አሚን አለ። እኔም ሁልጊዜ እንደምለው አሚን አልኩ። ወደ ዘይነባ ዞሩ፤ «ያመጣሽው ይርባልሽ፤ ግቷ አይድረቅብሽ፣ ደጅሽን ጥጃ ይሙላው» አሉ። አሚን። ታደሰ እንኳ ከሁሉ አስበልጦ አሚን አለ።

ትንሽ ቆይቶ ነው ነገሩ ወደ ጆሮዬ የገባው።

«ሸህ» አልኩ፣ «አፉ ይበሉኝ፤ እኛ እኮ የመጣነው ልንጠይቅ ነው።»

«ምኑን?»

«ልለውጥ ወይስ ልተው የሚለውን።»

አምፕሊፋየሩን አዩት። ከዚያ ትከሻዬን አዩት፤ ዕቃው ያረፈበት ቦታ ሸሚዜ ተጨማድዷል። «ከቤትህ እስከዚህ ተሸክመኸው መጥተህ?» አሉኝ። «ላሟንስ ማን አመጣት?»

ሰው ሁሉ ወደ ዘይነባ ዞረ። ገመዱ እጇ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ወዳጃ ላይ ይዘኸው የቀረብከው የአንተ ነው፤ የሚመረቀውም ላመጣው እጅ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ ፊደሉን ስቆጥር የረሳሁት ይህንን መሆን አለበት። ዘይነባ ታማኝ ልጅ ነችና፣ «ጋሼ ልባቸው ካልፈቀደ እኔ እመልሳለሁ» አለች፤ ገመዱን ግን አልለቀቀችውም።

«ልጄ፣ አሚን ብለሻል» አሏት ሸህ ይመር። «እሱም ብሏል። የወጣ ምርቃት ከማን አፍ ተለቅሞ ይመለሳል?»

ተበተንን። በመንገድ ያገኘን ሁሉ «ሙባረክ» ይለኛል። ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አለቀ ካላችሁ ሻሺትን አታውቋትም። ዘይነባ ቤቷ ወስዳ አሰረቻት። ማታ ሳይመሽ ገመዷን በጥሳ እኛ ግቢ ገባች። በማግስቱም እንዲሁ። ዘይነባ ሰንሰለት ገዛች፤ ሻሺት ካስማውን ነቅላ ሰንሰለቱን እየጎተተች መጣች። በመጨረሻ ተስማማን፤ ወይም ሻሺት ወሰነችልን። ላሟ እኛ ግቢ ታድራለች፣ ሳር እኔ አጭድላታለሁ፣ ዘይነባ ጠዋትና ማታ መጥታ አልባ ትሄዳለች። ፋጤ አጠገቧ ካልቆመች ደግሞ አትሰጥም፤ ስለዚህ ሚስቴም ጠዋትና ማታ ቁማ ትውላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የእኔዋ ሰማይ ሳትወጣ ግቢዬ ውስጥ ሆና ነው ወተቷን የማላየው። ዘይነባ አንድ ኩባያ ትተውልኛለች፤ ስትሰጠኝ «ይጠጡ ጋሼ፣ አይፈሩ» ትለኛለች። የራሴን ላም ወተት እንደ እንግዳ አመስግኜ እጠጣለሁ።

ሰርግም ተጠራሁ፤ የታደሰ የወንድሙ ልጅ አምባሰል ላይ ተዳረች። አምፕሊፋየሩን ይዘን ወጣን። ሶኬት ሰካሁ፣ ክር ነካሁ፤ ጸጥ። ሚዜዎቹ ሳቁ፣ አንዱ ዲጄ ይምጣ አለ። «ቁጭ በሉ፣ ይሞቃል» አልኩና እኔም ቁጭ አልኩ። ከዚያ አምባሰልን ጀመርኩ። ሙሽራዋ ቀና አላለችም። ይህ እኛ ዘንድ ትልቅ ምስጋና ነው። አንድ ሽማግሌ ግን ጠጋ ብለው፣ «ይህን አሮጌ ዕቃ ከጦርነቱ እንዴት አተረፍከው?» አሉኝ። «አዲስ ነው» አልኳቸው። «በስተርጅና አትዋሽ» ብለውኝ ሄዱ።

አሁን ሰው ገዛኸው ወይ ይለኛል። ላሜ ግቢዬ ውስጥ ናት፣ ሳሯን እኔ አጭዳለሁ፣ አምፕሊፋየሩም ጓዳዬ ነው። ልግዛ ወይስ ልተው ብዬ ዛሬም መጋዘኑ በር ላይ አስባለሁ፤ የሚቀረኝ ውሳኔ ያለ ይመስል።

አንድ ነገር ግን ውስጤን ይበላዋል። ያንን መሶብ በቀደም ዕለት ከመደርደሪያ ሳወርደው ቀለለኝ። ለካስ መሶቡ ራሱ ላባ ነው። በዚያን ቀን የያዘው ደግሞ አንድ እፍኝ ቆሎና አንዲት እስር ጫት ነበር። ፋጤ ሁለት እንስራ ውሃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ነች።

ማታ ሻሺት እየታለበች ሳለ ወጣሁ። ዘይነባ ሥር አጎንብሳለች፣ ፋጤ የላሟን ጀርባ እየዳበሰች ቆማለች።

«ፋጤ» አልኩ፣ «በዚያን ቀን ገመዱን ለዘይነባ የሰጠሻት መሶቡ ከብዶሽ ነው?»

ዘይነባ ማለቧን አቆመች። ፋጤ ግን ቀናም አላለች። እጇን ከላሟ ሳታነሳ፣ «አንተ ታውቃለህ» አለች።

አላውቅም። ወደ ቤት ገባሁ። መብራት ስለነበረ ሶኬቱን ሰካሁና፣ ጊታሬን ታቅፌ፣ አምፖሎቹ እስኪቀሉ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።